ዲገሉ ሲታመም ኦጎልቾ ለምን ታመመ? ስለ ስታቲክና ስለ ውርስ

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት። የስንዴ ዝርያም ስም ነው፤ ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) የለቀቀው። ዲገሉም የአርሲ ቦታ ስም ነው፣ የስንዴ ዝርያም ነው። ተመራማሪዎቹ ስም ሲያወጡ ካርታ ዘርግተው የሚመርጡ ይመስላል። እኛ ደግሞ ሁለቱን ስሞች ተውሰን ጃቫ የሚማሩ ልጆችን ደጋግሞ የሚያደናግር አንድ ነገር እንይባቸው፦ አባት ክላስ ላይ የተጻፈ ስታቲክ ነገር ልጅ ክላስ ሲወርሰው ምን ይሆናል?

ለገበሬዎች ምክር የሚሰጥ ፕሮግራም እየጻፋችሁ ነው እንበል። «ስንዴ» የሚባል ክላስ አላችሁ። (ጃቫ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ ሞክሩት።) እያንዳንዱ ማሳ አንድ ኦብጀክት ነው፤ የራሱ ስፋት፣ የራሱ የተዘራበት ቀን አለው። ከዚያ «ብዛት» የሚል ስታቲክ ቫሪያብል ትጨምራላችሁ፤ አዲስ ማሳ በተመዘገበ ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ስታቲክ ማለት ንብረትነቱ የክላሱ ነው ማለት ነው እንጂ የአንዱ ወይም የሌላው ማሳ አይደለም። መቶ ማሳ ቢኖራችሁም «ብዛት» ያው አንድ ነው። ቁጠባ ማኅበር ውስጥ እያንዳንዱ አባል የራሱ ደብተር አለው፤ የማኅበሩ መዝገብ ግን አንድ ነው አይደል? እንደዚያ ነው።

አሁን «ኦጎልቾ» እና «ዲገሉ» የተባሉ ሁለት ልጅ ክላሶች ከ«ስንዴ» ይውረሱ። ሦስት የኦጎልቾና ሁለት የዲገሉ ማሳ መዘገባችሁ። ኦጎልቾን «ብዛትህ ስንት ነው?» ብትሉት ምን ይመልሳል? ሦስት ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ መልሱ ግን አምስት ነው። ዲገሉም አምስት ይላል። ልጆቹ የወረሱት ቅጂ አይደለም፤ የወረሱት ወደዚያው ወደ አንዱ መዝገብ የሚያስገባ በር ነው።

ቆጠራ ላይ ሲሆን ስህተቱ ቶሎ ይታያል። አሁን ግን «ዋግን ይቋቋማል» የሚል ስታቲክ ቫሪያብል «ስንዴ» ላይ ጻፋችሁ፣ ዋጋውን «እውነት» አደረጋችሁት። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን በሰፊው ይዘራ የነበረ ዝርያ ክፉኛ መታው፤ ያኔ ዲገሉ ስለቋቋመ ብዙ ገበሬ ወደ እሱ ዞረ። በ2013 ደግሞ በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሣ። ዲገሉ የሚተማመንበትን መከላከያ ጂን አልፎ ገባ፤ ምንም እህል ያልሰጡ ማሳዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። እናንተም ዜናውን ሰምታችሁ በፕሮግራማችሁ «የዲገሉ ይቋቋማል፣ ሐሰት ይሁን» ብላችሁ ጻፋችሁ። በቃ! ስለ ኦጎልቾ ማንም ምንም ሳይናገር ኦጎልቾም «ሐሰት» ሆነ፤ መዝገቡ አንድ ነዋ። ገበሬው ስልኩን ከፍቶ ሲያይ የሚዘራው አጥቶ ግራ ይጋባል።

«እንግዲያው ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስታቲክ ልስጠው» ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ዲገሉ ውስጥ በዚያው ስም ሌላ ስታቲክ ብትጽፉ የአባቱን ይሸፍነዋል። ግን መሸፈን መተካት አይደለም። «ስንዴ» ውስጥ የተጻፈ «ምክር» የሚል ሜተድ ካለ የሚያነበው የ«ስንዴ»ን እንጂ የዲገሉን አይደለም፤ በዲገሉ ማሳ ላይ ቢጠራም እንኳ። ስለዚህ በ2013 ዲገሉ ለዘራው ሰው «ይቋቋማል፣ አትስጋ» ይለዋል። ይሄኛው በእኔ ግምት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ያኛው በከንቱ ያስደነግጣል፣ ይሄኛው አዝመራውን ያስበላል።

ፓይተን የሚጽፉ ልጆች እዚህ ጋ ፈገግ ይላሉ፣ ግን አይቸኩሉ። እዚያ በልጁ ስም ዋጋ ስትሰጡ የአባቱ አይነካም፤ ልጁ ላይ አዲስ ቫሪያብል ይፈጠራል። «የኦጎልቾ ብዛት በአንድ ይጨምር» ስትሉ ፓይተን ከአባቱ አምስትን ያነብና ስድስትን ኦጎልቾ ላይ ይጽፋል። አባቱ አምስት ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ኦጎልቾም ከዚያ በኋላ ለብቻው ይቆጥራል። ያለ ምንም የስህተት መልእክት!

ጃቫ ላይ መፍትሔው ቫሪያብሉን ትቶ ስታቲክ ያልሆነ ሜተድ መጻፍ ነው። አባቱ «ይቋቋማል?» የሚል ሜተድ ይኑረው፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መልስ ይጻፍ። ያኔ «ምክር» ሲጠይቅ የሚመልሰው ማሳው ላይ በእርግጥ ያለው ዝርያ ነው። ስታቲክ ሜተድ ግን እንዲህ አይሠራም፤ የትኛው እንደሚጠራ የሚወሰነው ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ቫሪያብሉ በተሰየመበት ዓይነት ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። በ2010 እና በ2013 መካከል የዲገሉ ዘር አልተለወጠም፤ ጂኑ ያው ነው። የተለወጠው ዋጉ ነው። ስለዚህ መቋቋም ለብቻው የስንዴው ባሕርይ አይደለም፣ ስንዴውና ዋጉ ሲገናኙ የሚታይ ነገር እንጂ። ሜተዱ ባዶ እጁን እንዳይጠራ፤ የዋጉን ዘር ይቀበልና ለዚያ ለአንዱ ዘር ብቻ ይመልስ።