የድኅረ ተፈጥሮ ታሪክ ማዕከል

የድኅረ ተፈጥሮ ታሪክ ማዕከል በአሜሪካ፣ ፔንስልቬኒያ ክፍለ ግዛት፣ በፒትስበርግ ከተማ የተቋቋመ አነስተኛ ቤተ መዘክር ነው። የመሠረቱት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ መምህር የሆኑት ሪቻርድ ፔል ሲሆኑ፣ በፔን ጎዳና ላይ ለጎብኚዎች በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የሚሰበስበውና የሚያሳየው ሰዎች ሆን ብለው የለወጧቸውን እንስሳት፣ ዕፅዋትና ረቂቅ ሕያዋን ነው።

ስያሜውና ትርጉሙ

በዚያው ከተማ በዳይኖሰር አጽሞቹ የታወቀው የካርኔጊ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። የዚህ ዓይነት ተቋማት በልማድ የሚሰበስቡት የዱሩን ነው። ተኩላ በመስተዋት ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ ከተኩላ የመጣው ውሻ ግን ብዙውን ጊዜ ቦታ የለውም። የጓሮ ዶሮ፣ የቤተ ሙከራ አይጥ፣ የማሳ በቆሎም እንዲሁ ይታለፋሉ። በዚህ የተነሳ ሰው በየቀኑ የሚያያቸውና የሚመገባቸው ሕያዋን «ተፈጥሮ» ከሚባለው ታሪክ ውጭ ይቀራሉ። የፔል ማዕከል የተነሳው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

«ድኅረ ተፈጥሮ» ለመባል ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ለውጡ በሰው ፈቃድ የተደረገ መሆኑና ለዘር የሚተላለፍ መሆኑ። በመድኃኒት ብዛት ሳቢያ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ለውጡ የሰው እጅ ቢኖርበትም ታስቦ የተደረገ ስላልሆነ አይገባም። ፀጉሩ ቀለም የተቀባ በግም ልጆቹ ቀለሙን ስለማይወርሱ አይቆጠርም። ውሻ፣ በቆሎና የሐር ትል ግን ይገባሉ። በዚህ መለኪያ ከታየ በኢትዮጵያ የለማው ጤፍም ከዚሁ ወገን ነው፤ የዱር ዘመዶቹ ዘራቸውን በየሜዳው ሲያረግፉ ጤፍ እስኪታጨድ ፍሬውን ይዞ የሚቆየው ገበሬዎች በብዙ ትውልድ እየመረጡ ስለዘሩት ነው። እንግዲህ ትርጉሙ ከሺህ ዓመታት በፊት የነበረውን ገበሬና የዛሬውን የጂን ተመራማሪ በአንድ መዝገብ ያሰፍራቸዋል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይቀበሉም፤ ዘር መርጦ መዝራትና የአንዱን ፍጡር ጂን በሌላው ውስጥ ማስገባት አንድ አይደለም ይላሉ። ልዩነቱ በእርግጥም ትንሽ አይደለም፤ ምክንያቱም ሸረሪትና ፍየል በየትኛውም የእርባታ ዘዴ አይዳቀሉም።

በቤተ መዘክሩ የሚታዩ

ሰፊ አዳራሽና የዳይኖሰር አጽም የሚጠብቅ ጎብኚ እዚህ አያገኝም። ስብስቡ ጥቂት ነው፤ አንዳንዱም ያለ ጽሑፍ ማብራሪያ ቢታይ ምንም የማይነግር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀችው ፍሬክልስ የተባለች ፍየል ናት። ከሞተች በኋላ ቆዳዋ ተለፍቶ በቁመናዋ ተሠርታ ቆማለች፤ ስትታይ ከማንኛውም ፍየል አትለይም። ልዩነቱ የነበረው በወተቷ ነው። ኔክሲያ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሸረሪት ድር ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን በፍየል ውስጥ አስገብቶ፣ ፕሮቲኑ ከወተት ተለይቶ እንዲወጣና ወደ ክር እንዲለወጥ አቅዶ ነበር። ሸረሪቶችን እንደ ሐር ትል በብዛት ማርባት አልሆነም፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ እርስ በርሳቸው ይበላላሉና። ከክሩ የቀዶ ሕክምና መስፊያና የጥይት መከላከያ ልብስ ይሠራል የሚል ተስፋ ነበር። ኩባንያው ግን በንግዱ አልቀናውም፤ ምርምሩም ራንዲ ልዊስ በተባሉት ሳይንቲስት እጅ መጀመሪያ በዋዮሚንግ፣ በኋላም በዩታ ቀጠለ።

ሌላው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ናሙና ሲሆን መለያው «ካይ 1776» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሳይንቲስቶች በካሊፎርኒያ፣ አሲሎማር ተሰብስበው የዲኤንኤ ቅየጣ ሊያመጣ ስለሚችለው አደጋ ሲመክሩ፣ ከቤተ ሙከራ ቢያመልጥ መኖር የማይችል ባክቴሪያ አስፈለገ። ሮይ ከርቲስና ባልደረቦቻቸው በአላባማ ይህን ሠሩ። ባክቴሪያው ለመኖር የሚያስፈልጉትን አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ራሱ ስለማይሠራ ከውጭ ካልተሰጠው ይሞታል። ቁጥሩ አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት ዓመት ነው፤ ያኔ አገሪቱ 200ኛ ዓመቷን ልታከብር ተቃርባ ነበርና።

ጎድን አጥንት የሌለው የአይጥ ሽልም ጎብኚዎችን ያስደነግጣል። የተሠራው ግን ለማስደንገጥ ሳይሆን አጥንቶች በአካል ላይ ቦታቸውን እንዴት እንደሚይዙ የሚወስኑትን ጂኖች ለማጥናት ነው።

ከዚህም ሌላ መካን የተደረገ ወንድ ዝንብ አለ። የዚህ ዝንብ ሴቷ እንቁላሏን በከብት ቁስል ላይ ትጥላለች፤ እጮቹም ሕያው ሥጋ ይበላሉ። ሴቷ ከወንድ የምትገናኘው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የተባሉት አሜሪካዊ ወንዶቹን በጨረር አምክኖ በብዛት መልቀቅ ዝርያውን ሊያጠፋ ይችላል ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1954 በኩራሳው ደሴት ተሞክሮ ተሳካ። በኢትዮጵያም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ገንዲን የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት ይኸው ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል፤ ለዚሁም በቃሊቲ የዝንብ ማራቢያ ተቋም ተሠርቷል። ከትርጉሙ አንጻር ግን ይህ ዝንብ ግራ ያጋባል፦ ለውጡ ለዘር መተላለፍ አለበት ከተባለ፣ የዚህ ዝንብ ለውጥ ዋና ዓላማ ዘር እንዳይኖር ነው።

የአሰባሰቡ ችግር

የዱር እንስሳ ናሙና ለማግኘት ወደ ጫካ ይኬዳል። ድኅረ ተፈጥሮ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ የኩባንያ ወይም የቤተ ሙከራ ንብረት ነው። ጂኑ የተለወጠ የምርምር እንስሳ ወደ ምግብ ገበያ እንዳይገባ በደንብ ይጠበቃል፤ ሲሞትም አብዛኛውን ጊዜ ይቃጠላል። ኩባንያው ሲዘጋ ወይም የምርምሩ ገንዘብ ሲያልቅ ዝርያው ሊጠፋ ይችላል፤ የሚቀረውም የታተመ ጥናትና የባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬክልስን የመሰለ ሙሉ አካል በሕዝብ ፊት መቆሙ ያልተለመደ ነው። ማዕከሉ ጂን መለወጥን አይደግፍም፣ አይቃወምምም፤ በየናሙናው ላይ የሚያተኩረው ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንደለወጠውና ለምን እንደተፈለገ በማሳወቅ ላይ ነው።