ፓስታው ውድ፣ ዶሮ ወጡ ርካሽ የሆነበት ምክንያት

ከሜልቦርን መሀል ከተማ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር ፉትስክሬይ ደርሶ፣ ሴደንን አልፎ ያራቪል ይቆማል። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ፉትስክሬይ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ በኒኮልሰን መንገድ ሲያልፉ የተቆላ ቡና የሚሸትበት ሰፈር ነው። ያራቪል ደግሞ የስኳር ማጣሪያና የፋብሪካ ሠራተኞች መንደር ሆኖ ኖሮ፣ ዛሬ በ1938 የተከፈተውን ሰን ቲያትር የተባለውን ሲኒማ ከብበው የቆሙ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች መገኛ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ቤት አለ፤ ሠላሳ አርባ ወንበር ያለው፣ የምግብ ዝርዝሩ ግማሽ የፈረንሳይ ግማሽ የጣሊያን የሆነ የመንደር ቢስትሮ። በአንድ ወገን በገዛ ስቡ ቀስ ብሎ የበሰለ የዳክዬ ጭንና ስቴክ ከድንች ጥብስ ጋር፣ በሌላ ወገን በእጅ የተዳመጠ ፓስታና ሪዞቶ ይቀርባል። አንድ ሳህን ፓስታ ሠላሳ ዶላር አካባቢ ያስከፍላል። ደንበኛው ዋጋውን አይቶ አይደነግጥም። ያው ደንበኛ ፉትስክሬይ ወርዶ በያይነቱ ወይም ዶሮ ወጥ ሲያዝ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ዋጋ ይጠብቃል፤ የሚያገኘውም እሱኑ ነው።

ይህ ነገር ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። የተዳመጠ ፓስታ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ግን ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በዝግታ ቁሌት እስኪሆን ሰዓታት ይፈጃል። ዶሮው በየብልቱ ተገንጥሎ በሎሚና በጨው እየታሸ ደጋግሞ ይታጠባል። የእንጀራው ሊጥ ከተቦካ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ብዙ የሰው ሰዓት የፈጀው ምግብ በርካሽ የሚሸጥ ከሆነ፣ ከሒሳቡ ውስጥ ያልተጻፈ ወጪ አለ ማለት ነው። ማን እንደከፈለው ለማየት መጀመሪያ የያራቪሉን ሳህን እንበትነው።

ለስሌት እንዲመች ዋጋውን 33 ዶላር እናድርገው። በአውስትራሊያ ከሐምሌ 2000 ጀምሮ 10 በመቶ የዕቃና አገልግሎት ታክስ ይከፈላል። ያልበሰለ መሠረታዊ ምግብ ከታክሱ ነፃ ሲሆን፣ ምግብ ቤት ገብቶ የበሰለው ግን ይታሰብበታል። ስለዚህ 3 ዶላሩ የመንግሥት ነው። ከቀረው 30 ዶላር በሙያው ልማድ ሲሶ የሚጠጋው ለጥሬ ዕቃ ይሄዳል፤ 9 ዶላር እንበል። ለሠራተኛ ቢያንስ 12 ዶላር ይወጣል። ኪራዩ 3 ዶላር፣ ጋዙ፣ መብራቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የካርድ ክፍያው፣ የተሰበረው ብርጭቆ 4 ዶላር ቢወስዱ፣ ለባለቤቱ 2 ዶላር ይተርፈዋል። ከዚያች ላይ ብድሩን ይከፍላል፣ የትርፍ ግብሩን ይከፍላል። ዝናባማ ማክሰኞ ላይ ግማሹ ወንበር ባዶ ካደረ ሁለቷም ዶላር የለችም።

ከሁሉ ትልቁ ቁጥር የሠራተኛው ነው። ፌር ወርክ ኮሚሽን የተባለው አካል በየዓመቱ የአገሪቱን ዝቅተኛ ክፍያ ይወስናል፤ በሐምሌ 2025 ሥራ ላይ የዋለው መነሻ በሰዓት 24 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። ቋሚ ላልሆነ ሠራተኛ 25 በመቶ ይታከልና 31 ዶላር ከ19 ሳንቲም ይሆናል። አሠሪው በዚያ ላይ 12 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨምር ወደ 35 ዶላር ይጠጋል። ይህ ሳህን ለሚያጥበው ልጅ ነው፤ ሼፉ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። እሑድ ሲሆን ቋሚው ሠራተኛ አንድ ተኩል እጥፍ ያገኛል። በበዓል ቀን ሒሳቡ ላይ 15 በመቶ ገደማ ጭማሪ የሚታየው፣ አንዳንዱም በሩን ዘግቶ መዋል የሚመርጠው ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ዊልያም ባውሞል በ1960ዎቹ ከዊልያም ቦወን ጋር ሆኖ ያስረዳው ነገር እዚህ ላይ ይሠራል። የፋብሪካ ሠራተኛ በአዲስ ማሽን በሰዓት የሚያመርተው እየጨመረ ሲሄድ ደመወዙም ያድጋል። አስተናጋጅ ግን ዛሬም የሚሸከመው ያኔ የሚሸከመውን ያህል ሳህን ነው። ሆኖም ደመወዙ ካልተጨመረለት ትቶ ይሄዳል፤ የሜልቦርን ምዕራብ በመጋዘንና በጭነት ሥራ የተሞላ ስለሆነ የሚቀጥረው አያጣም። ስለዚህ ምርታማነቱ ሳያድግ ክፍያው ያድጋል፣ የእራቱም ዋጋ አብሮ ይወጣል። ይህንን እንደ በሽታ የሚያዩት አሉ። እኔ አላየውም። የያራቪሉ አስተናጋጅ በዕረፍት ቀኑ ሌላ ቢስትሮ ገብቶ ደንበኛ ሆኖ መቀመጥ የሚችለው ያ ዋጋ ስለተከፈለ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። ፒያሳ ላይ ካስቴሊን ያህል ዕድሜ ጠገብ የጣሊያን ምግብ ቤት ያየች ከተማ ናት፤ ላዛኛም ሆነ ፓስታ ለአዲስ አበቤ እንግዳ ምግብ አይደለም። ግን ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የ2019ኙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ የሚቋቋምበትን መንገድ ቢከፍትም ወለሉ እስካሁን አልተነጠፈም። በመሆኑም ጉልበቱ ርካሽ፣ አይቡ፣ የወይራ ዘይቱና የወይን ጠጁ ውድ ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ይበልጥ ንሯል። ተመጋቢው የሚከፍለው በአብዛኛው ለውጭ ምንዛሪ እንጂ ለአስተናጋጇ አይደለም።

ወደ ያራቪል እንመለስ። ፈረንሳይና ጣሊያን በአንድ ወጥ ቤት የሚገናኙት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ፓስታው 27 ዶላር ከ50 ቢሸጥ፣ ታክሱ ወጥቶ 25 ይቀራል፤ ዱቄትና እንቁላሉ ከነመረቁ 5 ዶላር ቢወስድ 20 ይተርፋል። ስቴኩ 44 ቢሸጥ ከታክስ በኋላ 40 ይሆናል፤ ሥጋው ብቻ 16 ዶላር ቢሆን 24 ይተርፋል። በመቶኛ ሲታይ ፓስታው ይበልጣል፣ በዶላር ሲቆጠር ስቴኩ። ሥጋ ግን ይበላሻል፣ እሳቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ቢቃጠል 16 ዶላር አመድ ሆነ ማለት ነው። ፓስታው ያንን አደጋ ይሸከምለታል። የፈረንሳዩም ወገን ቢሆን ከቁጠባ የራቀ አይደለም፤ ርካሹን ጠንካራ ሥጋ በወይን ጠጅ ውስጥ ለሰዓታት አብስሎ ማለስለስ የቢስትሮ ዋና ጥበብ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ድስቱን ጥዶ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ማታ ጨልፎ ማቅረብ ብቻ ነው።

ከዚያ ወይን ጠጁ አለ። በቪክቶሪያ ግዛት መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እንዲዘጉ የሚያስገድደው ሕግ የተነሣው በ1966 ነው። የመንደር ቢስትሮን በእውነት የፈጠረው ግን በ1986 ኢኮኖሚስቱ ጆን ኒውወንሃይዘን ለግዛቲቱ መንግሥት ያቀረበው ጥናት ይመስለኛል። ፈቃዱን ለጥቂቶች ያጠረው ሥርዓት ለሕዝብ እንደማይጠቅም አሳየ፤ በ1987 የወጣው ሕግም ትንሽ ምግብ ቤት በትንሽ ወጪ መጠጥ መሸጥ እንዲችል አደረገ። ከዚያ በኋላ የምግብ ቤቶቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ። አንድ ኢኮኖሚስት በወረቀት ላይ የሠራው ሥራ ስንት ሰው እንጀራ እንደከፈተለት ሳስብ በሙያዬ ደስ ይለኛል።

በ1998 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ሸሪል ካይምስ ምግብ ቤት የሚሸጠው ምግብን ብቻ ሳይሆን የወንበር ሰዓትን ነው ብላ መለኪያውን አበጀችለት፤ አንድ ወንበር በአንድ ሰዓት ስንት አስገባ? ቢስትሮው ይህን በደንብ ያውቃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ፊልም የሚያዩትን ያስቀምጣል፤ 2 ሰዓት ሲሞላ እነሱ ወደ ሲኒማው ይገባሉ፣ ወንበሩ ለሁለተኛው ዙር ይለቀቃል። ሲኒማው የቢስትሮው ተፎካካሪ ሳይሆን ገበያ አምጪው ነው። በዚያው ወንበር ላይ መክፈቻ፣ ዋና ምግብ፣ ጣፋጭና ሁለት ብርጭቆ ወይን ጠጅ ይሸጣል። ቤቱ የሚኖረው በጣፋጩና በብርጭቆው ነው። የአውስትራሊያ ማዕከላዊ ባንክ ከግንቦት 2022 እስከ ኅዳር 2023 ድረስ ወለዱን ከ0.10 ወደ 4.35 በመቶ ሲያወጣው፣ የቤት ብድር ያለበት የሰፈሩ ሰው መምጣቱን ሳይተው ጣፋጩንና ሁለተኛውን ብርጭቆ ተወ። ወንበሩ ሞልቶ ካዝናው የሚጎድለው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን ፉትስክሬይ እንግባ። የእኛ ቤት የሚሸጠው አንድ ገበታ ነው፤ እንጀራው ሲያልቅ በነፃ ይጨመራል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲደርስ ወንበሩ ሌላ ሰዓት ተኩል ተይዟል፤ የሚከፈልበት ግን ጥቂት ነው። ይህ የእንግዳ ተቀባይነታችን ክብር ስለሆነ ይቅር አልልም። ዋጋ ይኑረው ነው የምለው። በያይነቱ ደግሞ ለእኛ ቤት የፓስታውን ሥራ ይሠራል፤ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ርካሽ ጥሬ ዕቃ ናቸው፣ ጾመኛውም ሥጋ የማይበላው ሜልቦርናዊም ይፈልጋቸዋል። ትርፉ ያለው እዚያ ነው።

ዶሮ ወጡ ላይ ግን የጎደለው ወጪ ይገኛል። ሠላሳ ሰው የሚያበላ ድስት ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፣ ዶሮ ማጠብና ማቁላላት ተደምሮ ስድስት የሰው ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ በ35 ዶላር ሒሳብ 210 ዶላር ነው። በአንድ ሰው 7 ዶላር ይደርሳል፤ እንጀራው ገና አልተቆጠረም። ይህ 7 ዶላር በብዙ ቤት የዋጋ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም ሽንኩርቱን የከተፈችው እናት፣ እህት ወይም ሚስት ናት፣ በደመወዝ መዝገቡ ላይም ስሟ የለም። ዝቅተኛው ክፍያ ሠራተኛን ሁሉ የሚጠብቅ ሕግ ሆኖ ሳለ በተግባር እሷ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ባለቤት ወይም ቤተሰብ ተብላ ትታለፋለችና።

ደንበኛውም የራሱ ድርሻ አለው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ክሪሽኔንዱ ሬይ በ2016 ባወጣው መጽሐፍ፣ የስደተኛ ምግብ የሚሸጥበት ዋጋ ሕዝቡ ለዚያ ማኅበረሰብ ከሚሰጠው ቦታ ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በአሜሪካ ከተሞች አሳይቷል። የጣሊያን ምግብ የድሃ ስደተኛ ምግብ ተብሎ ነበር የጀመረው። ሜልቦርንም እንደዚሁ ነው። በ1951 አውስትራሊያና ጣሊያን የስደተኛ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በ1954 ፔሌግሪኒ የተባለው ኤስፕሬሶ ቤት በበርክ መንገድ ተከፈተ። ያን ጊዜ በጣሊያኖቹም ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራው እናት ደመወዝ አልነበራትም። ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ማግኘት ሲችሉ ግን ወጥ ቤቱ ሰው መቅጠር ግድ ሆነበት፣ ዋጋውም ተነሣ፤ ከተማውም ከፈለ። ዛሬ ያራቪል ላይ ለፓስታ የሚከፈለው ሠላሳ ዶላር የዚያ ታሪክ ውጤት ነው። የእኛም ልጆች ዩኒቨርሲቲ እየገቡ ነው፤ ሽንኩርት ለመክተፍ አይመለሱም፣ እንዲመለሱም አልመኝም።

ያልተቆጠረው ሰዓት ጉዳቱ ጎልቶ የሚወጣው ቤቱ ሊሸጥ ሲል ነው። ገዢ ሒሳብ አዋቂ ይዞ ይመጣል። መዝገቡ በዓመት 70 ሺህ ዶላር ትርፍ ቢያሳይ፣ አዋቂው በወጥ ቤት ያለ ክፍያ የሚሠሩትን ሁለት ሰዎች ደመወዝ ይቀንሳል፤ ትርፉ ጠፍቶ ኪሳራ ይሆናል። ከምጣዱና ከማቀዝቀዣው በቀር የሚሸጥ ነገር የለም። ባንክም ብድር ሲጠየቅ የሚያየው ይህንኑ ነው። በራሱ ስም የሚሠራ ነጋዴ ለራሱ የጡረታ መዋጮ የመክፈል ግዴታ ስለሌለበት፣ ሃያ ዓመት በእሳት ዳር የቆመች ሴት ሒሳብ ውስጥ መዋጮ ላይኖር ይችላል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ወደ አውስትራሊያ ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደ 67 ዓመት፣ ማለትም የመንግሥት ጡረታ ወደሚጠየቅበት ዕድሜ፣ እየተጠጉ ነው ወይም አልፈውታል።

ስለዚህ ፉትስክሬይ ላሉት ባለቤቶች የምለው ይህን ነው፦ ዋጋውን ከመንካታችሁ በፊት ለአንድ ወር ወጥ ቤት የገባውን እያንዳንዱን ሰው ሰዓት ጻፉ፣ የእናታችሁንም ጭምር፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሕጉ የሚያዘውን ክፍያ ከነመዋጮው አስቡና በሸጣችሁት ገበታ ቁጥር አካፍሉት። የሚወጣው 5 ዶላርም ይሁን 9፣ ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ ላይ ጨምሩ፤ የእሷም ስም በሚቀጥለው ሳምንት የሠራተኞች ተራ ላይ ይግባ።