ቋንቋው ሳይገባ ልብ የሚገባ ዜማ

በበጋ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ ወደ ነታንያ ባሕር ዳር ብቅ ያለ ሰው፣ ኪካር ሃዓጽማኡት በሚባለው የነጻነት አደባባይ ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ ሰዎችን ማየቱ የተለመደ ነው። ሽማግሌው ከወጣቱ፣ ከሩስያ የመጣው ከሞሮኮ ከመጣው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይዞራል። ዳር ካለው ወንበር ተቀምጠው የሚመለከቱ የቤተ እስራኤል እናቶችና አባቶችም አይጠፉም። አንዳንዱ "የፈረንጅ ጭፈራ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ጭፈራው ግን የፈረንጅ ብቻ አይደለም። "የእስራኤል ባህላዊ ጭፈራ" ይባል እንጂ ከየአገሩ የተዋጣ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የቻለውን ይዞ እንደሚመጣበት ድግስ። ሆራ የሚሉት፣ ተያይዞ መዞሩ፣ ከሮማንያና ከዚያ አካባቢ የመጣ ነው። ጉልበት ሸብረክ ተደርጎ ወደ ጎን ረገጥ፣ መልሶ ረገጥ የሚደረግበት እርምጃ በዕብራይስጥ "ጻዓድ ተማኒ" ይባላል፤ የየመን እርምጃ ማለት ነው። መሬቱን እየደበደቡ በሰልፍ የሚረግጡት ዴብካ ደግሞ ከዐረቦች የተወሰደ ነው። እስክስታው እዚያ ክብ ውስጥ ገና በቂ ቦታ አላገኘም። ወደ መድረክ ግን ከወጣ ቆይቷል፤ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ሩት እሼል የምትባል የዳንስ ባለሙያ ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎችን ሰብስባ "እስክስታ" የተባለውን ቡድን አቋቁማ ነበር።

ነታንያ በ1929 ስትቆረቆር የብርቱካን አትክልት የታሰበባት ትንሽ ሰፈር ነበረች። ዛሬ ግን ሄፍጺባንና ቂርያት ኖርዳውን በመሳሰሉ ሰፈሮች አንድ የሕንፃ ደረጃ የሚወጣ ሰው ከየበሩ ስር የተለያየ ዜማ ይሰማል። ከአንዱ ቤት ማሲንቆ፣ ከአንዱ የሞሮኮ ፒዩት፣ ከላይ ፎቅ የሩስያ አኮርዲዮን፣ ከጎን የካውካሰስ ከበሮ። ጎረቤት ከጎረቤት በዕብራይስጥ "ሻሎም፣ ማ ኒሽማ" ከመባባል ያላለፈበት ቤት ብዙ ነው። ዜማው ግን ግድግዳ አይከለክለውም።

ከሁሉ የሚገርመው ከነታንያ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ኤቨን የሁዳ አጠገብ፣ ሃዳሲም በሚባለው የወጣቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሆነው ነው። ኢዳን ራይሔል የተባለ ወጣት ከውትድርና በኋላ እዚያ ከልጆች ጋር ይሠራ ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው። ማታ ማታ ካሴት ይከፍታሉ፤ ማሕሙድ አሕመድ፣ አስቴር አወቀ፣ ጂጂ። ራይሔል አማርኛ አያውቅም፣ ፒያኖና አኮርዲዮን ግን ይችላል። ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ ሰው በዚያ ካሴት ተያዘ። ወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በክፋር ሳባ፣ ዘፋኞችንና ተጫዋቾችን እየጠራ መቅዳት ጀመረ። በ2002 መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አማርኛን በእስራኤል ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ አሰማ። በሱዳን የስደተኞች መጠለያ የተወለደችው ካብራ ካሳይና አቪ ዋሳ ከእርሱ ጋር መድረክ ላይ ቆሙ።

በዚያን ጊዜ ለብዙ የኢትዮጵያ ወጣት የወላጅ ካሴት የሚያሳፍር ነገር ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አማርኛ ጮክ ብሎ ማውራት እንኳ የሚከብደው ነበር። አባት መኪናው ውስጥ ትዝታ ሲከፍት ልጁ መስኮቱን ይዘጋል። ያው ቋንቋ በጋልጋላጽ ሬዲዮ ሲሰማ ብዙ ልጅ ወደ አባቱ ካሴት ተመለሰ፤ "አባ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" እያለ መጠየቅ ጀመረ። እርግጥ በእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ አማርኛው አንዳንዴ እንደ ድስት ላይ ቅመም ብቻ የሚነሰነስ፣ ዋናው ወጥ ግን ዕብራይስጥ የሆነ ይመስላል፤ ይህ ቅሬታ መሠረት አለው። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል።

በዚያ በር ከገቡት አንዷ የነታንያ ልጅ ናት። አስቴር ራዳ በ1985 በቂርያት አርባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ነታንያ መጣች። ወላጆቿ በሙሴ ዘመቻ ጊዜ የመጡ ናቸው። የጥቁር አሜሪካውያንን ሶልና ጃዝ ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አዋህዳ ትዘፍናለች፤ ከዘፈነቻቸውም አንዱ የሙሉቀን መለሰ "ናኑ ናኑ ነይ" ነው። በአዲስ አበባ የተዘፈነ፣ ወላጆች ወጣት ሆነው ያደመጡት፣ በነታንያ ያደገች ልጅ በአውሮፓ መድረክ የምታሰማው። እዚያ ካለው ተመልካች አብዛኛው አንድ ቃል አይገባውም፤ አብሮ ግን ያጨበጭባል።

ቃሉ ሳይገባ ስሜቱ እንዴት ይገባል? ይህን ሊቃውንትም ጠይቀዋል። በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ተመራማሪዎችን ወደ ሰሜን ካሜሩን ተራሮች፣ ማፋ ወደሚባሉ ሕዝቦች ወስዶ ነበር። የአውሮፓ ሙዚቃ ሰምተው ለማያውቁ ሰዎች የፒያኖ ዜማ አሰሟቸው፤ ከዚያም የሰው ፊት ፎቶ ዘርግተው "ይህ ዜማ የትኛውን ፊት ይመስላል?" አሏቸው። ደስታውን፣ ሐዘኑንና ፍርሃቱን በግምት ብቻ ከሚገኘው በላይ ለዩት። በ2018 ደግሞ ከ60 አገር የተውጣጡ 750 ሰዎች ከ86 የተለያዩ ማኅበረሰቦች የተቀዱ ዘፈኖችን፣ እያንዳንዱን ለ14 ሴኮንድ ብቻ፣ ሰሙ። ከየት እንደመጣ ባያውቁም የጭፈራውን ዘፈንና ሕፃን ማስተኛውን በደንብ ለይተዋል። ያቃታቸው የፍቅር ዘፈኑ ነው። ይህ ብዙ አያስገርምም፤ ፍቅር አንዴ ያስለቅሳል፣ አንዴ ያስጨፍራል፣ አንዴ ያስኮርፋል።

በአንድ ከተማ አብረው የሚኖሩ ጎረቤቶች ዜማም በዚህ ጆሮ ቢሰማ ብዙ የሚመሳሰል ነገር አለው። የየመን ሴቶችን እንውሰድ። ወንዶቹ በምኩራብ በዕብራይስጥና በአረማይስጥ ሲጸልዩ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረውን የሻሎም ሻባዚን ግጥም ሲዜሙ፣ ሴቶቹ ማንበብ ሳይማሩ በቃላቸው፣ በዐረብኛ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ክፉ ባል፣ ስለ ናፍቆት ይዘፍኑ ነበር። መሣሪያቸው የመዳብ ትሪና ባዶ ጣሳ ነው። በሠርግ ጊዜ ጀሪካን ገልብጣ የመታች እናት ይህ አዲስ አይሆንባትም። ኦፍራ ሃዛ በ1984 የየመንን ዜማ በአልበም ስታወጣ ያ የጣሳ ድምፅ ከቴል አቪቭ ድሃ ሰፈር ተነስቶ የዓለም ሬዲዮ ላይ ደረሰ።

የሞሮኮና የሶርያ አይሁድ ደግሞ በክረምት ሰንበት ሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በምኩራብ የሚዜሙት "ባካሾት" የሚባል የልመና ዜማ አላቸው። አንዱ ያነሣል፣ ጉባኤው ይቀበላል። ሌሊት ተነስቶ መጸለይን፣ አንዱ መርቶ ሌላው መቀበልን የቤተ እስራኤል ቄሶች ያውቁታል። ጆርጂያውያን ግን ሌላ ናቸው። እነርሱ ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያዜማሉ፤ አንዱ ከታች እንደ ንብ ያነበንባል፣ ሁለቱ ከላይ ይጋጫሉ፣ ይታረቃሉ። በአንድ ዜማ ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ጭቅጭቅ ይመስላል። እየቆየ ነው የሚጥመው። "ቻክሩሎ" የሚባል አንድ የጆርጂያ ዘፈን በ1977 አሜሪካኖች ወደ ጠፈር በላኩት ቮዬጀር መንኮራኩር ላይ፣ በወርቅ በተለበጠ ሸክላ ተቀርጾ ሄዷል።

የሌላ ሕዝብ ዜማ ሰውን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ለማወቅ ግን የሲምሓ አሮምን ታሪክ መስማት ይበቃል። አሮም በኢየሩሳሌም የሬዲዮ ኦርኬስትራ ውስጥ ቀንደ መለከት የሚነፋ ባለሙያ ነበር። በ1963 የእስራኤል መንግሥት ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ላከው፤ ሥራው ለዚያ አገር የማርሽ ባንድ ማቋቋም ነው። እዚያ የጫካው ነዋሪ ፒግሚዎች ሲያዜሙ ሰማ። መጽሐፍ የለ፣ ኖታ የለ፣ መሪ የለ፤ ግን ሁሉም የየራሱን መስመር ይዞ አንዱ ከሌላው ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ሊያስተምር የሄደው ሰው ተማሪ ሆነ። መለከቱን ትቶ ተመራማሪ ሆነ፣ ለዓመታት ያንን ዜማ ሲቀዳና ሲፈታ ኖረ።

ይኸው ሰው ነው በ1986 ከባልደረቦቹ ጋር በእስራኤል የቤተ እስራኤልን ቄሶች ቁጭ አድርጎ የግዕዝ ጸሎታቸውን የቀዳው። ከሙሴ ዘመቻ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ብዙ ሕዝብ በሱዳን መንገድ የሞቱትን ገና አላለቀሰላቸውም፤ በዚያ መንገድ 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። ነጋሪቱና ቃጭሉ፣ መሪውና ተቀባዩ፣ የአዘቦቱና የበዓሉ ጸሎት ተቀዳ፤ ጥናቱም በ2019 ከሲዲ ጋር ታተመ። ከእርሱ በፊት ኬይ ሸለመይ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1973 ጎንደር አካባቢ አምቦበር ድረስ ሄዳ ያንኑ ጸሎት ቀድታ ነበር። ዛሬ አምቦበር ውስጥ ያንን ጸሎት የሚያዜም ጉባኤ የለም። ድምፁ ግን አለ።

የቄሶቹ ዜማ እንዲህ ተቀርጾ ሲቀመጥ የእናቶቹ ዜማ ግን አብዛኛው ሳይቀዳ ቀርቷል። ወፍጮ ላይ የተዜመው፣ ለሙሽራ የተባለው፣ ሙሾው፣ እሹሩሩው። ምሁራን የሚሄዱት ወደ ጸሎቱ ስለነበር ጓዳ ውስጥ ያለውን ብዙም አልጠየቀው። ነታንያ ውስጥ ባሉ የአረጋውያን ሞዓዶኖች የሚውሉ እናቶች ብዙዎቹ ከልጃቸው ጋር በግማሽ አማርኛ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር በምልክት ነው የሚግባቡት። "ሕፃኑ ይምታታበታል፣ ዕብራይስጥ ብቻ ይስማ" ተብለው እሹሩሩውን የተዉም አሉ። ምክሩ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከወዳጅም ቢመጣ ግን ትክክል አልነበረም። በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ 144 ሕፃናት ሰምተውት በማያውቁት ቋንቋ፣ ከሌላ አገር የተቀዳ ዘፈን ተከፈተላቸው። ሕፃን ማስተኛው ሲሆን የልባቸው ምት ከሌላው ዘፈን ይልቅ ረገብ አለ። ቋንቋ ያልጀመረ ሕፃን እሹሩሩው በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ቢዜም ይረጋጋል፤ አያቱንም ይለያል።

ሙሾውም እንዲሁ ነው። ጎንደር ላይ አልቃሽ የሟችን ዘር፣ ሥራ፣ መሬት እየጠራች ለቅሶውን ታወርደው ነበር። እዚህ ቀብሩ ቶሎ ይፈጸማል፣ ሰባቱ ቀን በሕግ ያልቃል፣ ሥራ ይጠራል። ልጆቹ ዳር ቆመው "አያቴ ምን እያለች ነው?" ብለው ሲጠይቁ የሚተረጉምላቸው አይገኝም። ያ ግጥም ግን የቤተሰቡ ታሪክ ነው፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው መንደር እንደተሰደደ፣ ማን ሱዳን እንደቀረ በቅደም ተከተል ያለበት።

የቀረጻው ነገር አሁን እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። ሮበርት ላህማን የተባለው ምሁር በ1930ዎቹ በኢየሩሳሌም የየመኑን፣ የኩርዱን፣ የሳምራውያኑንና የበደዊኑን ዜማ ሲቀዳ በብረት ሸክላ ላይ ነበር፤ አሁን በየቤቱ ያለ ስልክ ይበቃል። ኢየሩሳሌም የሚገኘው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክምችት የቤተ እስራኤልን ቀረጻዎች ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይዟል። ለቤት የሚቀዳው ግን ድምፁ ብቻ ከሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። መጀመሪያ ላይ አያት ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የተወለዱበትን መንደር፣ ዘፈኑን ከማን እንደሰሙትና መቼ እንደሚባል ይናገሩ። ከትግራይ የመጡት በትግርኛቸው፣ ከጎንደር የመጡት በአማርኛቸው፣ ቋራኛ የሚያስታውስ ካለም በዚያው። ቃሉን አንድ ሰው በፊደል ይጻፈው፣ የልጅ ልጁ ደግሞ ትርጉሙን በዕብራይስጥ ከስሩ ያስቀምጠው። ለዚህ ሥራ አርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ዳቦው እስኪበስል ያለው ጊዜ ይበቃል።