ኪሎው ተመልሷል፣ ስኳሩስ?

በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነበር። ሚዛኑ ይበቃል። ሰው ደግፎ ያመጣው ታማሚ ከጥቂት ወራት በኋላ በእግሩ መጥቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ የቁጥሩ ከፍ ማለት ለነርሷም ለእሱም የምሥራች ነበር። ጎረቤትም ‹‹ወዝህ ተመለሰ›› ይላል። ያን ዘመን ላሳለፈ ሰው መወፈር ማለት መትረፍ ነው፤ በብዙ ቤት ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሚዛን ግን ኪሎውን እንጂ ስቡ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ጭን ላይ ያረፈ ስብ በአብዛኛው ሰላማዊ ነው፤ ጉበትንና አንጀትን ከቦ የተቀመጠው ግን የሰውነትን የስኳር አያያዝ ያውካል። ከቫይረሱ ጋር ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል።

ምግብ ከበላን በኋላ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊኑ ጡንቻና ስብ ሴሎች ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ መልእክቱ በሴሉ ውስጥ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ይተላለፋል። በመጨረሻ ግሉት4 የሚባለው ስኳር አስገቢ ፕሮቲን ከሴሉ ውስጥ ወጥቶ ገጹ ላይ ይሰለፋል፤ ስኳሩም ይገባል። ሐኪሞች ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚሉት ችግር ቀበሌ ደርሶ መዝገብ ቤት ተኝቶ እንደሚቀር ደብዳቤ ነው፦ ላኪው ልኳል፣ በር ላይ ያለው ተቀብሎ ፈርሟል፣ ውስጥ ያለው ባለጉዳይ ግን አላየውም። ቆሽት መልስ ሲያጣ ሌላ ይልካል፤ አሁንም ሌላ። በዚህ ሁኔታ የደም ስኳር ለዓመታት ልኩን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ስኳር በሽታ የሚከተለው ቆሽት መላኩ ሲያቅተው ነው።

ኤችአይቪ በዚህ ውስጥ እጁ አለበት። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ በገባ ሰሞን አንጀት ላይ ያሉትን ሲዲ4 የተባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ክፉኛ ይጨርሳል። የአንጀት ግድግዳ ይሳሳና የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል። መድኃኒቱ ቫይረሱን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቢያዳክመውም ይህ ሽንቁር ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ሰውነት በዝቅተኛ ብግነት ውስጥ ይኖራል፤ በብግነቱ የሚመነጩት እንደ ቲኤንኤፍ አልፋ ያሉ ፕሮቲኖችም የኢንሱሊኑን መልእክት መሐል ላይ ያሰናክሉታል።

የመድኃኒቶቹ ድርሻ ደግሞ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻና በ1996 እነ ሳኩዊናቪር፣ ኢንዲናቪርና ሪቶናቪር ገበያ ላይ ሲውሉ በአሜሪካ ለሞት የተዘጋጁ ሰዎች ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ በጁን 1997፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ መድኃኒቶች ተጠቃሚዎች ላይ የደም ስኳር ከፍ እንደሚል አስጠነቀቀ። (የፈረንጆቹ 1997 ነው፤ የእኛው ሊመጣ ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር።) ጥፋቱ የቫይረሱ ነው ወይስ የመድኃኒቱ? መልሱ የተገኘው ቫይረሱ ከሌለባቸው ጤነኛ ወንዶች ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ኢንዲናቪር ሲወስዱ ሰውነታቸው በኢንሱሊን ትእዛዝ ስኳር የማስገባት አቅሙ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። መድኃኒቱ ግሉት4ን በቀጥታ ያግድ ነበር።

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ስታቩዲንን ነው። ርካሽ ስለነበርና ከሌሎች ጋር በአንድ ክኒን ስለሚዘጋጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ሆነ፤ ብዙ ነፍስም አተረፈ። ዋጋውን ያስከፈለው በኋላ ነው። የሴል ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ የራሱን ዲኤንኤ የሚያባዛበትን ኢንዛይም ስለሚጎዳ፣ የፊት፣ የክንድና የእግር ስብ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ጉንጭ ይጎደጉዳል፣ እግር ይሟሽሻል፣ የደም ሥር ይገተራል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ሆድ ይገፋል፣ ማጅራት ላይ ሻኛ ይወጣል። ምሥጢሩን ለማንም ያልነገረ ሰው ፊቱ አሳበቀበት፤ በእኔ ግምት ከስኳሩ በላይ የጎዳው ይህ ነው። ስኳሩም ቢሆን ከዚያው የመጣ ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ጎተራ ሲፈርስ ስቡ ወደ ጉበት፣ ወደ ጡንቻና ወደ ሆድ ዕቃ ይሰደዳል፤ እዚያም ኢንሱሊንን ያደናቅፋል። ቀጭን ሰው ስኳር አይዘውም የሚለው እምነት እዚህ ላይ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ።

ከዚያ ኤፋቪሬንዝ በስፋት ተሠራበት፤ በሚያስከትለው ቅዠትና ራስ ማዞር ተጠቃሚዎቹ አይረሱትም። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ቀዳሚ ምርጫ ዶሉቴግራቪር ነው፤ በኢትዮጵያም አብዛኛው ሰው የሚወስደው እሱን ነው። ቫይረሱን ቶሎ ያፍናል፤ ቫይረሱም በቀላሉ አይለማመደውም። ግን ኪሎ ይጨምራል። ጆሃንስበርግ ውስጥ 1,053 ሰዎች በተሳተፉበት አድቫንስ በተባለው ጥናት ከ48 ሳምንት በኋላ ዶሉቴግራቪርን አብሮት ከሚሰጠው ከቴኖፎቪር አዲሱ ዓይነት ጋር የወሰዱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ከነባሩ ጋር የወሰዱት 3 ኪሎ፣ ኤፋቪሬንዝ የወሰዱት 1 ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ለእኛ አገሩ አሰጣጥ የሚቀርበው መካከለኛው፣ ከነባሩ ቴኖፎቪር ጋር የተወሰደው ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ ጨመሩ። ጥፋቱን ሁሉ በዶሉቴግራቪር ላይ መጫን ግን አይቻልም፦ በዘረመላቸው ምክንያት ኤፋቪሬንዝን ቀስ ብለው ከሰውነታቸው የሚያስወግዱ ሰዎች ያን ያህልም አልወፈሩም። ስለዚህ ልዩነቱ ከፊሉ አሮጌው መድኃኒት ኪሎን ይዞ ያቆየው ነው።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ከካምፓላ የመጣውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ዘገባ ነው። ዶሉቴግራቪር ይወስዱ ከነበሩ 3,417 ሰዎች የ16ቱ የደም ስኳር በጥቂት ወራት ውስጥ ክፉኛ አሻቀበ፤ ሌላ መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩት 3,230 ሰዎች ግን ይህ የደረሰበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። የሚያሳስበኝ ምልክቱ ነው፤ እንዲህ ያለው ስኳር የሚገለጠው በመወፈር ሳይሆን በመክሳት፣ በውኃ ጥምና ሽንት በማብዛት ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ሲከሳ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው መድኃኒቱ እምቢ አለ፣ ወይም ቲቢ ያዘው ብሎ ነው። ማር፣ ገንፎና ለስላሳ ይቀርብለታል። ደጉ እጅ እሳቱ ላይ ቤንዚን ያርከፈክፋል።

ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን ላቁም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታወቀውን ስማርት የተባለ ጥናት ማስታወስ ይበቃል። በ33 አገሮች 5,472 ሰዎች ተሳትፈውበታል። መድኃኒታቸውን እያቋረጡ ከወሰዱት መካከል የሞቱት ሳያቋርጡ ከወሰዱት በቁጥር በለጡ፤ የልብ ሕመም እንኳ የበዛው በእነሱ ላይ ነበር።

የሚያስፈልገው ምርመራ ነው፤ እሱም ቢሆን ወጥመድ አለው። የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ስኳሩን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በተለይ ዚዶቩዲን የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በሚወስዱት ላይ። ስለዚህ በባዶ ሆድ የሚለካው ተራ የደም ስኳር ይሻላል፦ መድኃኒት ሲጀመር ወይም ሲቀየር፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ። በዴሲ ሊትር ደም ከ100 ሚሊ ግራም በታች ደህና ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ከተደገመ ስኳር በሽታ ነው። የወገብ መለኪያ ሜትርም ዋጋው ጥቂት ብር ነው፤ በየኤችአይቪ ክሊኒኩ ከሚዛኑ አጠገብ ተሰቅሎ ባየው ደስ ይለኛል። እግር ጉዞም ይረዳል። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ግሉት4ን ወደ ገጹ የሚያወጣበት፣ ኢንሱሊንን የማይጠብቅ ሌላ መንገድ አለው።

ስኳር ሲገኝ የሚታዘዘው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ሜትፎርሚን ነው። ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን በኩላሊት በኩል የሚወጣበትን መንገድ ስለሚያጠብ፣ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ደም ውስጥ የሚደርሰው የሜትፎርሚን መጠን በ79 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በቀን ከ1,000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ከሰፈሩ ርቆ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ መውሰዱ፣ ስኳሩን ደግሞ ሰፈሩ ባለ ክሊኒክ መከታተሉ፣ ለሁለተኛው ሐኪም ስለ መጀመሪያው አለመንገሩ ነው። የሰፈሩ ሐኪም ስኳሩ አልወርድ ሲለው መጠኑን በቀን ወደ 2,000 ያሳድገዋል፤ ታማሚውም ተቅማጡና ማቅለሽለሹ ከየት እንደመጣ ሳይገባው ሜትፎርሚኑን መዋጥ ይቀጥላል።