የጉርሻ ፍቅርና የጠበበ ጨጓራ
በጁባ ቶንፒንግም ሆነ በአገር ቤት ማዕዳችን አንድ ትሪ፣ ፍቅራችን ጉርሻ ነው። ውፍረትን ለመቀነስ ጨጓራው በቀዶ ሕክምና የጠበበለት ሰው ግን «በሞቴ» ሲባል እንዳይጨነቅ ልንረዳው ይገባናል፤ አንዲት ትርፍ ጉርሻ ለትውከት ልትዳርገው ትችላለችና።

ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ መሠረት በመጀመሪያ ቀጭን መረቅ፣ ቀጥሎ የላመ የምስር አልጫ፣ ከዚያም ዕንቁላልና የነጭ ዓባይ ዓሣ ይቅረብለት። እንጀራ ቦታ ስለሚይዝ ከገንቢው ምግብ በኋላ ይሁን። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጥቂት በጥቂት ይጎንጭ፤ የጁባ ሙቀት ቸል አይባልም። የታዘዘለትን ቫይታሚን ዕድሜ ልኩን አያቋርጥ። ትውከቱ ከደጋገመ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር።

ለእርሱ ትንሽ ሳህን ማቅረብ ከማዕድ መለየት አይደለም፤ አብረነው ተቀምጠን በዝግታ እንብላ።