ብስክሌትና ወረርሽኝ፦ «ሁለት እርምጃ» በሰከንድ ሲለካ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የሚጭኑት ሰው በግማሽ እንዲቀንስ ተደረገ። ድርጅቱም በሚቻልበት ሁሉ ሰዎች በእግር ወይም በብስክሌት እንዲንቀሳቀሱ መከረ። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞቻችን ብስክሌት ቀድሞም የተማሪውና የሠራተኛው መጓጓዣ በመሆኑ ምክሩ እንግዳ አልሆነም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አብሮ ተነሣ። በሁለት የአዋቂ እርምጃ፣ ማለትም 2 ሜትር ያህል እንራራቅ የሚለው መመሪያ ለብስክሌት ነጂም ይሠራልን? በዚህ ጽሑፍ ይህንን ለመመርመር እንሞክራለን።

ፍንጣቂዎች በአየር ውስጥ

ስንተነፍስ፣ ስንናገርና ስናስል መጠናቸው የተለያየ የፈሳሽ ፍንጣቂዎች ከአፍና ከአፍንጫችን ይወጣሉ። ዲያሜትሩ 100 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሆነ ፍንጣቂ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በ5 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል። የ5 ማይክሮ ሜትር ፍንጣቂ ግን ጸጥ ባለ አየር ውስጥ ያንኑ ከፍታ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የፍንጣቂው ዲያሜትር በግማሽ ሲያንስ ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳልና፤ በተመሳሳይ ፍጥነት የአየሩ ሰበቃ የሚቀንሰው ግን በግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሹ ፍንጣቂ በአየር ላይ ተንሳፎ ይቆያል።

ርቀት ወደ ጊዜ ሲለወጥ

በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ በአንድ ሰከንድ 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊቱ ያለውን ነጂ በ2 ሜትር ርቀት የሚከተል ከሆነ፣ የፊተኛው የተነፈሰበት ቦታ ላይ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ይደርሳል። በዚህች አጭር ጊዜ ትልቁ ፍንጣቂ እንኳ መሬት አይደርስም። ርቀቱ 20 ሜትር ቢሆን ግን ጊዜው ወደ 5 ሰከንድ ያድጋል። «ሁለት እርምጃ» ለቆሙ ሰዎች የተለካ ነው የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የአየር ፍሰት ተመራማሪው በርት ብሎከን በሆላንድና በቤልጅየም ከባልደረቦቻቸው ጋር በኮምፒዩተር ባካሄዱት ስሌት ተመሥርተው፣ በዝግታ የሚነዳ ሰው ከፊቱ ካለው በ10፣ በፍጥነት የሚነዳ ደግሞ በ20 ሜትር እንዲርቅ ሐሳብ አቅርበዋል። ስሌቱ የፍንጣቂዎቹን መንገድ እንጂ በበሽታው የመያዝን ዕድል ባለመለካቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ክርክሩም ተገቢ ነበር፤ ገላጣ አየር ፍንጣቂዎችን ፈጥኖ ይበትናልና። ቫይረሱ ከቤት ውጭ የሚተላለፈው በዝግ ክፍል ከሚተላለፈው እጅግ ባነሰ ሁኔታ መሆኑም ከጊዜ በኋላ ተረጋግጧል።

እንግዲህ ትልቁ አደጋ የት ነው?

አደጋው በአመዛኙ ያለው ብስክሌቱ በሚቆምበት ቦታ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ሲተነፍስ፣ ነጂው ግን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊተነፍስ ይችላል። እያለከለከ ከጓደኞቹ ጋር ጠባብ ሻይ ቤት የሚገባ ነጂ፣ በመንገድ የነበረውን ጥቅም እዚያው በር ላይ ይተወዋል። በትራፊክ መብራትና በጥገና ቦታ ተጠጋግቶ መቆምም እንዲሁ ነው።

ስለሆነም የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች እንመክራለን። በቡድን ስንነዳ ርቀታችንን እንጨምር፤ ነገር ግን ለመራቅ ስንል ወደ መኪና መንገድ አንግባ፤ የመኪና ግጭት ከፍንጣቂው የከፋ ነውና። በመንገድ አንትፋ። በኪራይ ብስክሌት ከነዳን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ሳሙና የኮሮና ቫይረስን የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል። የውኃ መጠጫ አንጋራ። ጭምብል በላብ ሲርስ መተንፈስን ስለሚያስቸግር፣ በብርቱ ስንነዳ በኪስ ይዘነው ወደ ቤት ወይም ወደ ሱቅ ስንገባ እናጥልቀው። ትኩሳት ያለው ሰው ግን ከቶ አይንዳ፤ ሌሎችን ከማስያዙም በላይ፣ በሕመም ላይ የሚደረግ ከባድ እንቅስቃሴ ልብን ሊጎዳ ይችላል። በመጨረሻም የራስ ቁር እናድርግ፤ ሆስፒታሎች በታማሚ በተጨናነቁበት ጊዜ በአደጋ የሚያዝ አልጋ ለሌላው የሚጎድል አልጋ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያስታውቅም፣ ሌላ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም። ኮሌራ ቢሆን ሥጋታችን የውኃ መያዣውና ያልታጠበው እጅ እንጂ የፊተኛው ነጂ ትንፋሽ አይሆንም። ስለዚህ ወደ ብስክሌታችን ከመሄዳችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በምን መንገድ ነው? መልሱን ስናውቅ የቱ ጥንቃቄ እንደሚበጅ፣ የቱ ደግሞ ከንቱ ድካም እንደሆነ ለመለየት እንችላለን።