የሠራተኛ ሥልጠናና የደኅንነት መሣሪያ ፍተሻ፦ ከኑክሌር ማመንጫ እስከ ምዕራብ ጎጃም የራጅ ክፍል

ኢትዮጵያ እስካሁን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም። ሆኖም ጉዳዩ ከእንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ናት፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የኑክሌር ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ከሩሲያ ጋር በሞስኮ ተፈራርማለች። በዚህ ዙሪያ በሚደረገው ውይይት ጎልቶ የሚሰማው የገንዘቡና የሜጋዋቱ ነገር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። «ሠራተኛው ሠልጥኗል፤ የደኅንነት መሣሪያውም ይሠራል» የሚለውን ቃል የሚያረጋግጠው ማን ነው? የሚያረጋግጠውስ በምን መንገድ ነው?

ጥያቄው የማመንጫው መሠረት እስኪጣል የሚቆይ አይደለም። የጨረራ ቁጥጥር በአገራችን ሦስት ዐሥርት ዓመታትን አስቆጥሯል። የብሔራዊ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ሲሆን፣ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ኋላም የኑክሌርን ጉዳይ በስሙ ጨምሮ በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ታድሷል። የቁጥጥሩ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ይገኛል። ሕጉ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የሚያገኘው በዋነኛነት የሆስፒታል የራጅ ክፍልን ነው። በትልቁ ማመንጫና በትንሹ የራጅ ክፍል መካከል ያለው የአደጋ ልክ ሰማይና ምድር ቢሆንም፣ የፍተሻው ባሕርይ ግን እጅግ ይቀራረባል።

ፍተሻው የሚመለከተው ምንን ነው?

በኑክሌር ማመንጫ ውስጥ ተቆጣጣሪው ሁለት ነገሮችን ይፈትሻል፤ ዕቃውንና ሰውየውን። ዕቃውን መፈተሽ በአንጻሩ ቀላል ነው። የመጠባበቂያው ጄኔሬተር በታዘዘበት ሰዓት ይነሣል ወይስ አይነሣም? የማቀዝቀዣው ፓምፕ በተወሰነው ግፊት ውኃ ይገፋል ወይስ አይገፋም? ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሙከራ ጊዜ፣ የመለኪያ ማስተካከያ ቀንና የጥገና መዝገብ አለው። ተቆጣጣሪው ሁሉንም ማየት ስለማይችል ጥቂቱን መርጦ እስከ ሥሩ ይመረምራል።

ሰውየውን መፈተሽ ግን ሌላ ነገር ነው። የምስክር ወረቀት ኮርስ መወሰዱን ይናገራል እንጂ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጮኽ፣ ባለወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ስለዚህ ዘመናዊው አሠራር ሥልጠናን ከሥራው ዝርዝር ይጀምራል። አስቀድሞ ሠራተኛው የሚሠራው ተግባር አንድ በአንድ ይጻፋል፤ ከዚያ ትምህርቱ ይቀረጻል፤ ከተሰጠ በኋላም ሠራተኛው በሥራው ላይ ሆኖ ይመዘናል፤ የምዘናው ውጤት ተመልሶ ትምህርቱን ያርማል። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረው፣ በአገሮች ግብዣ የሚካሄደው የማመንጫዎች የአሠራር ደኅንነት ግምገማም ሥልጠናን ራሱን የቻለ የግምገማ መስክ አድርጎ ይዞታል።

ይህ አሠራር ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ ከአደጋ የተወለደ ነው።

የሦስት ማይል ደሴት መብራት

እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሦስት ማይል ደሴት በተባለው ማመንጫ፣ ለሬአክተሩ እንፋሎት ማመንጫዎች ውኃ የሚያደርሰው መሥመር ተቋረጠ። በማቀዝቀዣው ሥርዓት ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሚያስተነፍሰው ቫልቭ እንደ ተሠራው ተከፈተ፤ ግፊቱ ሲወርድ ግን ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ያለው መብራት በዚህ ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ የሚያሳየው ግን የቫልቩን መዘጋት አልነበረም፤ እንዲዘጋ ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነበር። ሬአክተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ በዚያ ቀዳዳ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈሰሰ።

ሁለተኛው ስሕተት ከሥልጠና የመጣ ነው። የድንገተኛ ጊዜ ፓምፖች በራሳቸው ተነሥተው ውኃ መጨመር ጀምረው ነበር። ኦፕሬተሮቹ ግን የግፊት መቆጣጠሪያው ጋን በውኃ እንዳይሞላ አጥብቀው ተምረው ነበርና፣ የዚያን ጋን ከፍታ አይተው የፓምፖቹን ውኃ ቀነሱ። እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ አልነበሩም፤ የተማሩትን በትክክል ፈጸሙ። የተማሩት ነገር ግን ለገጠማቸው ሁኔታ የተዘጋጀ አልነበረም። ከሬአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ ሊያሳስበን የሚገባው፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ ከአደጋው ዐሥራ ስምንት ወር ገደማ በፊት የሆነው ነው። በመስከረም 1977 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ በሚገኘው ዴቪስ-ቤሲ ማመንጫ ተመሳሳይ ቫልቭ በተመሳሳይ መንገድ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ኦፕሬተሮቹም እንዲሁ የድንገተኛውን ውኃ ቀንሰው ነበር። ማመንጫው ያን ጊዜ በዝቅተኛ ኃይል ይሠራ ስለ ነበርና ነገሩ በሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ተደረሰበት ጉዳት አልደረሰም። ትምህርቱ ግን ሦስት ማይል ደሴት ላሉት ኦፕሬተሮች ሳይደርስ ቀረ። የማመንጫው ሥልጠና በወረቀት ሲታይ የተሟላ ነበር፤ የጎረቤትን ገጠመኝ ወደ መማሪያ ክፍል የሚያስገባ በር ግን አልነበረውም።

ከአደጋው በኋላ በአሜሪካ የኦፕሬተሮች ሥልጠና የመቆጣጠሪያ ክፍሉን መልክ በያዘ የመለማመጃ ክፍል (ሲሙሌተር) ላይ ተመሠረተ። ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር በየዓመቱ በተግባር፣ በየሁለት ዓመቱ በጽሑፍ ይፈተናል። ተቆጣጣሪውም አጠገባቸው ቆሞ ያያል።

ፉኩሺማ ዳይቺ ደግሞ የዚህን ሌላ ገጽታ አሳየ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ሱናሚው የመጀመሪያውን ሬአክተር ኤሌክትሪክ ባቋረጠ ጊዜ፣ ያለ ፓምፕ የሚሠራው የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣ ቫልቮች ኃይል ሲቋረጥ እንዲዘጉ ተደርገው ተሠርተው ነበርና ተዘጉ። የአደጋ ማዘዣው ክፍል ግን ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው ብሎ አሰበ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚቴ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ በዚያ ፈረቃ ከነበሩት መካከል ያን መሣሪያ በእውነት አሠርቶ የሚያውቅ አልነበረም። መሣሪያው ነበረ፤ መመሪያውም ነበረ። የፈረቃው ሰዎች ግን ከአደጋው በፊት በእጃቸው አሠርተውት አያውቁም ነበር።

ከዚያ ወደ ራጅ ክፍል

የራጅ መሣሪያ እንደ ሬአክተር አይቀልጥም። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጨረራውም ያን ጊዜውኑ ይቋረጣል። አደጋው ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ስለ ሆነ፣ የሚጎዳውም በቅድሚያ በየቀኑ እዚያ የሚውለውን ባለሙያ ነው። በዓለም አቀፍ መመዘኛ አንድ የጨረራ ሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት በላይ መቀበል የለበትም፤ ለሕዝቡ ወሰኑ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚኖራቸው ግን የሚለካቸው ሲኖር ብቻ ነው።

የመብራቱን ነገር እዚህ ላይ እናስታውስ። በራጅ ክፍል በር ላይ የሚበራው ቀይ መብራት የሚያመለክተው ምንን ነው? የማሽኑ ማብሪያ መከፈቱን ነው ወይስ ጨረራ በመውጣት ላይ መሆኑን? ቀኑን ሙሉ የሚበራ ከሆነ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሳምንት ሳይሞላ ይለምደዋል፤ የለመደውን መብራት ደግሞ ማንም አያከብረውም። ተቆጣጣሪ «መብራት አለ» ብሎ ምልክት ቢያደርግ ስለ ዕቃው እውነት ጽፏል፤ ስለ ደኅንነቱ ግን ምንም አልጻፈም።

ባለሙያው ደረቱ ላይ የሚያደርገው የጨረራ መጠን መለኪያም (በሥራ ቦታ «ባጅ» የሚባለው) እንዲሁ ነው። መሳቢያ ውስጥ የከረመ ባጅ ዜሮ ያነባል፤ ዜሮውም በሪፖርት ላይ መልካም ዜና መስሎ ይታያል። ከሽርጡ ላይ ሳይነሣ በራጅ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ የዋለ ባጅ ደግሞ የክፍሉን እንጂ የሰውየውን መጠን አይናገርም። ስለዚህ ጥሩ ተቆጣጣሪ የሪፖርቱን ቁጥር ከሥራ ፈረቃው መዝገብ ጋር ያስተያያል። በወር ብዙ መቶ ሰው ያነሣ ባለሙያና በፈቃድ ላይ የነበረ ባልደረባው አንድ ዓይነት ቁጥር ካላቸው፣ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ውሸት ሊሆን ይችላል።

የእርሳስ ሽርጥ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ሽርጡ ታጥፎ ወንበር ላይ ከተጣለ በውስጡ ያለው እርሳስ በእጥፋቱ መሥመር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በላዩ ባለው ጨርቅ ስለሚሸፈን በዓይን አይታይም። የሚታወቀው ሽርጡ ራሱ በራጅ ሲነሣ ነው። ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው አንድ ምስልና ጥቂት ደቂቃ ብቻ በመሆኑ፣ አለማድረግ በገንዘብ እጦት ሊመካኝ አይችልም።

ከሁሉም ይልቅ ግን ተቆጣጣሪው ቆሞ ማየት ያለበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ጨረራው በሚለቀቅበት ቅጽበት በክፍሉ ውስጥ ያለው ማን ነው? በምዕራብ ጎጃም ገጠር ታማሚ ብቻውን አይመጣም። በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡት ዘመዶቹ፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናቱ፣ የአክስቱ ልጅ፣ ሁሉም እስከ ማንሻው ጠረጴዛ ይከተሉታል። «ውጡ» መባሉ እንደ ማዋረድ ሊቆጠር ይችላል። ሕፃን ሲሆን ደግሞ የግድ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። የያዘው ሰው ሽርጥ ለብሷል? ነፍሰ ጡር አለመሆኗ ተጠይቋል? ወይስ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ሁልጊዜ የሚይዘው ያው የክፍሉ ሠራተኛ ነው? የባለሙያው ሥልጠና የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር መጠኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ በፈተና ወረቀት ላይ መጻፍና፣ አንድን አዛውንት ሳያስቀይሙ «አባቴ፣ ለርስዎ ደኅንነት ነው፤ ከበሩ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሁለተኛው በሥልጠና ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለበት።

ተቆጣጣሪው ሩቅ ሲሆን

ከሦስት ማይል ደሴት በኋላ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በእያንዳንዱ የማመንጫ ሥፍራ የራሱን ነዋሪ ተቆጣጣሪዎች አስቀመጠ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው እዚያው አካባቢ ሲሆን በየቀኑ በማመንጫው ውስጥ ይዘዋወራሉ። ፍኖተ ሰላም ግን ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው ባለው ግጭት ምክንያት ያን መንገድ መጓዝ ከርቀቱ በላይ ከባድ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ የፍተሻው ሸክም በተቋሙ የጨረራ ደኅንነት ኃላፊ ላይ ይወድቃል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ ስለሚሆን ራሱን በራሱ ይፈትሻል ማለት ነው። ጸሐፊው የሚሻለው በአጎራባች ከተሞች ያሉ ኃላፊዎች አንዱ የሌላውን ክፍል እንዲያይ ማድረግ ነው ብሎ ያምናል፤ የቡሬው የፍኖተ ሰላሙን፣ የፍኖተ ሰላሙ የደንበጫውን። የዴቪስ-ቤሲን ዓይነት የጎረቤት ገጠመኝም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል።

ተቆጣጣሪው በአካል ብቻ ሳይሆን በተቋምም ራሱን የቻለ መሆን አለበት። ጃፓን ከፉኩሺማ በፊት የኑክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪዋን የኑክሌር ኃይልን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር አስቀምጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለይታ እንደ አዲስ አቋቋመችው። የኢትዮጵያ መርሐ ግብር ገና በጅምር ላይ እያለ ይህን መለየት የሚያስወጣው ዋጋ ትንሽ ነው።

ስለ ቡሬ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከተማዋ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ የያዘች፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድም የሚገነጠልባት ናት። በዓለም ዙሪያ ፋብሪካዎች የጋንን ይዘት፣ መንገድ ሠሪዎች ደግሞ የአፈርንና የአስፋልትን ጥግግት የሚለኩባቸው ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ። እነዚህ እንደ ራጅ ማሽን ሲጠፉ ጨረራቸው አይቋረጥም። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሲዚየም-137 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጅበታል፤ ያስገባው ኩባንያ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላም በመጋዘኑ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያንያ ከተማ ከተተወ ክሊኒክ ውስጥ የሲዚየም ምንጭ ያለበትን የሕክምና መሣሪያ ሁለት ሰዎች ነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብም ተመረመረ። በእኛ አገር ብረቱን የሚገዛው ቁራሌው ነው፤ በየመንደሩ እየዞረ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ከፊሉም ወደ ቀጥቃጩ ምድጃ ይገባል። እርሱን ማንም አያሠለጥነውም፤ የሦስት ቅጠሉን የጨረራ ምልክት ትርጉምም የነገረው የለም። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚሰጠው የማስገቢያ ፈቃድ፣ ምንጩ የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃ ወደ አምራቹ የሚመለስበትን ውልና የመመለሻውን ወጪ የሚሸፍነውን አካል በመጀመሪያው ቀን መያዝ ይኖርበታል፤ ተቆጣጣሪውም በየዓመቱ የምንጩን መለያ ቁጥር ከመዝገቡ ሳይሆን ከመሣሪያው ላይ ራሱ ማንበብ አለበት።